በየቤቱ የሚያድር ኬብል

ጦርነት ብረት ይበላል ይባላል። አይበላም። ብረቱንማ በየመንገዱ ዳር ጥሎት ነው የሚሄደው፤ በዚያ ድንበር ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ጦርነት የሚበላው መዳብ ነው፤ የሬዲዮ ሽቦ፣ የታንክ ማገናኛ፣ ጥፍር የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ። የሚበላውም ከጦር ሜዳው ርቆ፣ ከሰው ጓሮ ነው። ይህን ከመጻሕፍት ተምሬው ቢሆን በወደድሁ። መጽሐፍ እንደ ኢሱዙ ወገብ አይሰብርም።

ሞባይል ገና ድንበሩን አልተሻገረም። ታላቅ እህቴ ትርንጎ በረሃቡ ዘመን ሱዳን ገብታ በዚያው ቀርታለች። ከዶካ ወጣ ብሎ ባለ የኢትዮጵያውያን መንደር ትኖራለች። ከሰሊጥ አጨዳ የሚመለስ አንድ ጎንደሬ አግኝታ ቃል ላከችብኝ፤ “የውሃው ሞተር ተቃጠለ። መጠምጠሚያ ሽቦ ይዘህ ድረስ። ሀፊሩ ከደረቀ መንደሩ ይበተናል።” ሀፊር የሚሉት የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበትን ኩሬ ነው።

ገዳሪፍን የሚያህል የነጋዴ ከተማ አጠገብ ተቀምጦ ከጎንደር ሽቦ ማስመጣት ወንዝ ዳር ቆሞ ዝናብ መለመን መሰለኝ። እንዲያም ሆኖ ገዝቼ ተነሣሁ። ከትርንጎ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ቤተሰባችን ውስጥ እስካሁን አልተገኘም።

መተማ እና ጋላባት

አይከል ላይ ጉም ነበር፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር ያለፍኩት። ሸኸዲ ስንደርስ ሸሚዜም በዛብኝ። መተማ ዮሐንስ የቀረበልኝ የፍየል ጥብስ ፍየሏ ከነቂሟ የተጠበሰች ይመስል አልታኘክ አለ። ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ጋላባት ስገባ የሱዳኑ ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ ጥቅሉን አወጣ።

“ይሄ መዳብ ነው?”

“መዳብ ነው።”

ሊወርሰኝ ነው ብዬ ለክርክር ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፎ መዘነው።

“ትሸጠዋለህ?”

“አልሸጠውም።”

“ታዲያ ለምን አመጣኸው?”

ለሞተር ነው አልኩት። ሰውየው አዘነልኝ። መዳብ ወደ ሱዳን ሲገባ ክልክል እንዳልሆነ፣ ክልክሉ ይዞ መውጣት እንደሆነ አስረዳኝ። “ስትመለስ ግን ይዘኸው አትወጣም” አለኝ፤ ይዤው የምመለስ ይመስል።

ሱዳኖች ሰላምታ አያልቅባቸውም። የአንተን ጤና፣ የልጆችህን፣ የከብትህን ጤና ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሱዳናዊ አላውቅም ነበር። በዚያ መንገድ ግን የሎሪው ሾፌርም፣ አጠገቤ የተቀመጠው የማሽላ ነጋዴም፣ ዶካ ላይ ፉል በሰሊጥ ዘይት ያቀረበልኝ ሰውዬም ከጤናዬ በፊት የሽቦውን ክብደት ጠየቁኝ። ሁሉም የሚያውቁት ገዢ አላቸው፤ ገዢውም አንድ ነው። “ለጄሽ ነው” ይላሉ። ጄሽ ማለት ጦሩ ነው። በዚያ ሰሞን በዚያ ድንበር በየአቅጣጫው ጦር ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚሰበሰበው መዳብ ለየትኛው ጦር እንደሆነ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።

መንደሩ

በአህያ ጋሪ በርሜል የጫኑ ውሃ ሻጮች ከሀፊሩ ሲመለሱ አብሬያቸው ገባሁ። ውሃው የሻይ ቀለም አለው፤ ቢሆንም ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ይሻሙበታል። ትርንጎ ከሩቅ ለየችኝ።

“አንተ ልጅ፣ ሸበትህ?”

“አንቺስ?”

“እኔ በውሃ ጣጣ ነው። አንተን ምን ነካህ?”

ቤት ስገባ አልጋዋ ላይ የሰው ክንድ የሚያህል ጥቁር ኬብል ተጠቅልሎ ተኝቷል። የእሷ ሰሌን መሬት ላይ ተነጥፏል።

“ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?”

“ተራው የእኔ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደሩ አንድ ጄኔሬተርና ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠ አንድ የውሃ ሞተር አለው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ይህ ኬብል ነው። ጎረቤት መንደር የስልክ ሽቦው በጠራራ ፀሐይ ተሸልቶ ሲሸጥ፣ የእኛዎቹ ውሃ ቀድተው እንደጨረሱ ኬብሉን ከሞተሩ እየነቀሉ ቤት ማሳደር ጀመሩ። አንድ ሰው ዘንድ ቢቀመጥ ሐሜት ስለሚያመጣ እንደ ማኅበር ጽዋ በየቤቱ በተራ ይዞር ተባለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተራ አለው። ተሸክመው ለሚያመጡት ባለተራው ማብላት አለበት። ቆይቶ ደህና ድግስ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ይሸከሙት ጀመር።

የኬብሉን ጫፍ ገለበጥኩት። ማገናኛው፣ እነሱ ፊሻ የሚሉት፣ ከመነቀልና ከመሰካት ብዛት ላልቷል። አንደኛው እግሩ ከሰል መስሏል።

“እታለም፣ ሞተሩን ያቃጠለው ይሄ ነው።”

“ይሄማ ደኅና ነው። አንድም ቀን ሳይሰረቅ።”

“ኬብሉ ደኅና ነው። የሞተው ሞተሩ ነው።”

“ታዲያ ለሌባ እንተወው? አልጋዬን ለቅቄለት የተኛሁ ሰው ነኝ፤ አላጠፋሁም።”

እዚህ ላይ ደከመኝ፤ አልጋዋን የለቀቀች ሴት በምን ትረታለች?

ገዳሪፍ

ሞተሩን ሎሪ ላይ ጭነን እኔና ትርንጎ ገዳሪፍ ሄድን። የሞተር ጠምጣሚው ኢድሪስ ይባላል፤ የቋራ ሰው ነው። ከካርቱም ወዲህ እንደኔ ያለ የለም ብሎ ነው ወሬ የሚጀምረው። ሞተሩን ከፍቶ አሸተተና ወደ እህቴ ጮኸ።

“እንኳን ሞተር፣ በሬም በዚህ ሁኔታ አይጠመድም! ከሦስቱ መስመር አንዱ ሲለቅ በሁለቱ ነው የሚጎትተው። ቃሬዛ የያዘ ሰው ጓደኛው ቢለቅበት ምን ይሆናል?”

“የታመመው ይወድቃላ” አለች ትርንጎ።

“የተሸካሚው ወገብ ይቆረጣል፣ እቴ! ሽቦ ስላመጣችሁ እጠመጥመዋለሁ። ማገናኛ ግን ከእኔ አትጠብቁ።”

እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ተራውን አዳረስነው። መደርደሪያው ላይ አምፖልና የፕላስቲክ አበባ ብቻ ነው ያለው። የሬዲዮ ጠጋኙ ሳይቀር የድሮ ሬዲዮዎችን ሆድ ዕቃ በኪሎ ሸጦ ባዶ ሳጥን ታቅፎ ተቀምጧል። በመጨረሻ የአንድ ሐጂ መጋዘን ውስጥ ሞልቶ አገኘነው፤ ከወደቁ ታንኮችና መኪኖች የተፈቱ ማገናኛዎች በጆንያ ተሞልተው እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ከላይ ካሉት አንዱ ቁርጥ የእኛን ነው።

“ይሄን አንዱን ሽጥልን” አልኩት፤ ሐጂው አማርኛ ይሰማል።

“ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ የጄሽ ነው። ተቆጥሯል።”

“ከታንክ የተፈታ አይደል?”

“አዎ።”

“የት ሊገባ?”

“ታንክ ውስጥ።”

“በመሀሉ ትንሽ ውሃ ቢያወጣ ምን አለበት?”

ሳቀ። ሻይ አዘዘልን። “ጄሹ ታንክ አለው፣ ሬዲዮ አለው። አንተ ምን አለህ?”

“የተጠማ መንደር አለኝ።”

“እሱ ሁሌም አለ” አለ ሐጂው፤ በክፋት አልነበረም። ትርንጎ ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች። በእሷ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

መንደሩ፣ እንደገና

ኢድሪስ ሞተሩን አስነሣው፤ ጉራው ልክ ነበር ማለት ነው። ያለ ማገናኛም መላ ሰጠን፤ የኬብሉን ሽቦዎች በቀጥታ ከሞተሩ ጋር በቡሎን ማሰርና በቴፕ መጠቅለል። “ከታሰረ በኋላ የሚነካው እጁ ይቆረጥ፤ ኬብሉን ቅበሩት” አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆነን ይህን ለሽማግሌዎቹ ቃል በቃል ነገርኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ቧንቧው እንደ ሰው ሳለ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ለቀቀ። ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ አራሰችና ፊቷ ላይ ጣለችው። ለረጅም ጊዜ አላነሣችውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ መፍቻ ይዘው መጡ። ቴፑን ላጡት። ቡሎኑን ፈቱት። ኬብሉን በአራት ትከሻ ተሸክመው ጉዞ ጀመሩ።

“ምን እያደረጋችሁ ነው?” አልኩ፤ ጮኬም ሊሆን ይችላል።

“ተራው የእነ ሼህ አሊ ነው” አለችኝ ትርንጎ። “ዶሮ ታርዷል። የሰው ዶሮ ታርዶ ኬብሉ አይመጣም ይባላል?”

“ሞተሩ እንደገና ይቃጠላል።”

“ከተሰረቀስ? የሐጂውን ጆንያ አላየህም? ያ ሁሉ ከታንክ ብቻ የተፈታ ይመስልሃል? የስንት መንደር ነው!”

እነ ሼህ አሊ ቤት ሄጄ ከኬብሉ ጎን ተቀምጬ ዶሮውን በላሁ። ከመተማው ፍየል ይሻላል።

ጎንደር

ስመለስ ጋላባት ላይ ያ ፈታሽ ባዶ ሻንጣዬን አይቶ “ሸጥከው፣ አይደል?” አለኝ፤ ደስ ብሎት። ጎንደር ስገባ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ጆንያ ይዞ “የተበላሸ ሬዲዮ፣ ያረጀ ሽቦ” እያለ ይዞራል። ለማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ለሚገዛ አለኝ።

የተማርኩት ይህን ነው፤ ያ መንደር አንድ ክንድ ሽቦ እንኳ አልተሰረቀም፤ ውሃው ግን ሄዶ ነበር፣ በቅርቡም ይሄዳል። ቡሎኑ በየምሽቱ እየተፈታ እስከ ሐምሌ ዝናብ አይቆይም፤ ሀፊሩ ደግሞ ከዚያ በፊት ይደርቃል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ጥግ ባለ አራት እግር ትልቅ የሞተር ማገናኛ ካለህ፣ ጆንያ የያዘው ሰው በርህን ሳያንኳኳ ለእኔ ስጠኝ። ሁለት ካሉህ ሁለቱንም። ምክር ከሆነ ያለህ፣ እሱን ለራስህ አስቀምጠው፤ እኔም ሰጥቼ ሠርቶ አላየሁም።