አየር የማታስጭነው አክስቴ

አክስቴን በአበባ እርሻዋ ማሸጊያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ «አየር አባራሪ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይደፍርም። እሷ ባሸገችው ካርቶን ውስጥ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ደግሞ ልክ ናት እኮ! አውሮፕላን የሚያስከፍለው በክብደት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ቀላል ሆኖ ቦታ ከያዘ፣ በያዘው ቦታ ልክ ያስከፍላል። አበባ ደግሞ ምን ክብደት አለው? ካርቶኑ ውስጥ ለተረፈው ባዶ ቦታ ሁሉ እንከፍላለን ማለት ነው።

ዘንድሮ የጭነቱ ዋጋ ጣራ ነካ። በዚያ ላይ ውጭ አገር ያለው ገዢያችን ሁለቴ የጠወለገ አበባ ደርሶት፣ አንዴ ከደገማችሁ በቃን ብሏታል። ሌላ ገዢ የለንም። ከዚያ ወዲህ አክስቴ እህል ባፏ አይዞርም፤ ጭንቀቷ እኔም ላይ ተጋባብኝ።

አንድ ቀን አሽገን ስንጨርስ፣ አውሮፕላን ላይ ቦታ የሚይዝልን ጭነት አስተላላፊ ደወለ። አበባችን የሚሄደው በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ነው፤ ሻንጣ ሲበዛ የሚቀነሰው የኛ ጭነት ነው። ከአራት ካርቶን አንዱ ለነገ ይቀራል አላት። ለተቆረጠ አበባ አንድ ቀን ትልቅ ዕድሜ ነው። አክስቴ ካርቶኖቹን አስከፈተችና የሚቀረውን በሚሄደው ውስጥ ጠቅጥቁ አለችን።

ካርቶኑ ጎንና ጎኑ ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለው። አበባ ተቆርጦም ይተነፍሳል፤ ከታፈነ ራሱን በራሱ ያሞቃል። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

«እትዬ፣ ቀዳዳው ተደፈነ እኮ» አልኳት።

«ሟርትሽን ለራስሽ! ጠቅጥቂ ብያለሁ።»

ጠቀጠቅን።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ስልኩ ሲጠራ ትደነግጣለች፣ ዝም ሲል ይብስባታል። ስልኩ ተበላሽቶ እንዳይሆን እስቲ ደውዪልኝ ትለኛለች፤ ስደውል ደግሞ መስመሩን ያዝሽብኝ ብላ ትቆጣለች። ወይ ጣጣ!

በማግስቱ ገዢው ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አልጮኸም፤ ቢጮህ በወደድኩ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፣ ቅጠሉ ጠቁሯል አላት። ሌላ አምራች አግኝቻለሁ ብሎ አመሰገናት። አክስቴ «እሺ» ብቻ ብላ ዘጋችው።

ወደ ማሳው ወጣች፤ ተከተልኳት። ሠራተኞቹ ለነገ የሚጫነውን ጎንበስ ብለው ይቆርጣሉ።

«መቁረጡን ተዉት» አለቻቸው።

አንዷ መቀሷን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «ለዛሬ ነው፣ እትዬ?» ስትል ጠየቀቻት።

አክስቴ መቀሱን ከእጇ ተቀበለችና ለኔ ሰጠችኝ። እኔም የሌሎቹን መቀስ እየዞርኩ ሰበሰብኩ።