የጩማ ጆሮ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሞተሩ የታመመበት ሰው ወደ አርባ ምንጭ መውጫ ካለው ጋራዥ ጎራ ይልና «ጩማ አለ?» ይላል። ሌላ መካኒክ አጥቶ አይደለም። ጩማ መኪና የሚመረምረው በጆሮው ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ «ሁለተኛው ነው» ይላል። ነዳጁን የሚለኩሰው ሁለተኛው ካንዴላ ሲፈታም ጠቁሮ ይገኛል። ከሃላሌ ድረስ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት እየተንገጫገጩ፣ እሱን ብለው የሚመጡ ነበሩ።

ሙያውን የለመደው በደርግ ዘመን ከሻንቶ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ሲቀጠር ነው። መንግሥት ሲለወጥ የራሱን ከፈተ፤ ባዳቾ የሚባል ልጅም ቀጥሮ ሙያውን እዚያው አስተማረው። ባዳቾ ዛሬ ራሱን የቻለ መካኒክ፣ የልጆች አባት ነው፤ አብረው ይሠራሉ።

ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ ሰሞን፣ ባጃጅና ሚኒባስ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት፣ ጩማ አንድ ነገር ታዘበ። ሶዶ ጨዋ እየሆነች ነው። ታናሽ በታላቁ ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ ያገሩ ወግ ነው፤ የጩማ ፀጉር እየሸበተ ሲሄድ ደግሞ ሰው ሁሉ በፊቱ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያዘ። ደስ አለው። ለሚስቱ ለአሰፋሽ «ዘመኑ ተበላሸ ይላሉ እንጂ ልጆቹ አክብሮት ያውቃሉ» አላት። ሞተሮቹም ዝግ ያሉ መሰለው፤ የዘንድሮ ዘይት ጥሩ ነው አለ። ምን ይደረግ፣ ሰው ራሱን ለማጽናናት የማይፈጥረው ምክንያት የለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሶዶ ሁሉ የሚያውቀውን ጩማ ብቻ አላወቀም።

አንድ ማክሰኞ ደገፉ የሚባል ነጋዴ አሮጌ ኮሮላውን ይዞ መጣ። ጩማ አራቱን ካንዴላዎች ከነገመዶቻቸው በአዲስ ለወጠ። የአዲስ ገመድ ጫፍ ካንዴላው ላይ ደህና አድርጎ ሲነክስ ጠቅ ይላል። ጠቅ ካላለ ልል ነው፤ እሳቱ በደንብ አይደርስም፤ ሞተሩም ይቆራረጣል። ጩማ አንድ በአንድ ገፋቸው፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አስጠጋና «አሁን ሰላም ነው» አለ። እጁን ሊታጠብ ሲዞር ደገፉ ባዳቾን አየው። ባዳቾ በዓይኑ ጠቀሰው። ደገፉም አመስግኖ፣ መኪናዋ እየተርገፈገፈች፣ ወጣ።

ጩማ ለምሳ ቤቱ ቢሄድ በሩ ተቆልፏል፤ አሰፋሽ ለቅሶ ቤት ናት። ተመለሰ። የደገፉ ኮሮላ ጋራዡ ውስጥ ቆማለች፣ ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ባዳቾ ጀርባውን ሰጥቶ አጎንብሷል። ደገፉ ጩማን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

ጩማ መዳፉን የመኪናዋ ጎን ላይ አሳረፈ። ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ባዳቾ አንደኛውን ገመድ ነቀለ፤ መንቀጥቀጡ ባሰ። መለሰው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅል ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ድሮውንም ያኛው ሲሊንደር አይሠራም ነበር ማለት ነው። ባዳቾ ገመዱን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ተጫነው። መኪናዋ ከጩማ መዳፍ ሥር ረጋች።

ጩማ ምንም አልሰማም። ጠቅታውን ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ራሱ ያወቀው በእጁ ነው።

ባዳቾ ዞር ሲል አየውና ደነገጠ።

«ስትጫነው ምን አለ?» አለው ጩማ።

የባዳቾ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁህም።»

ባዳቾ በታላቅ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ተጠጋና ጆሮው ሥር ጮኸ። «ጠቅ አለ፣ ጋሼ።» እንባውም አብሮ መጣ።

ከመቼ ጀምሮ ነው ከኋላዬ የምታስተካክለው ቢለው፣ ካምናው የጊፋታ በዓል ወዲህ ነው አለ። ደንበኞቹ ሁሉ ያውቁ ኖሯል፤ ጩማ ለምሳ እስኪወጣ ጥግ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ሲለው ባዳቾ እንደገና መጮህ ነበረበት።

«ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጆሮዎ አይሰማም ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?»

ጩማ አልተቆጣም። እነሱ ቢቆጡት ግን ይሻለው ነበር። ሲያከብሩት የኖሩ የመሰሉት ሰዎች ሲያዝኑለት ነው የኖሩት፤ ያ አንገበገበው። ካቻቢቴውን ለባዳቾ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አመሻሽ ላይ አሰፋሽ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረበች። እነሱ ቤት ሳይጸለይ ወደ ማዕድ እጅ አይዘረጋም። ድሮ አሰፋሽ ስትጸልይ ጎረቤት «አሜን» ይል ነበር። ኋላ ግን በልቧ ብቻ መጸለይ ጀመረች፤ ጩማም እምነቷ ቢጠልቅ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ ዓይኑን አልጨፈነም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። መሀል ላይ የራሱን ስም ከከንፈሯ ላይ አየ።

«አሰፋሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ ነው የምትጸልዪው?»

አዎ ስትል ራሷን ነቀነቀች። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። አሁንም ነቀነቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ቀጥዪ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣትና አቀረቀረ። ጨርሳለች ብሎ በገመተ ጊዜ «አሜን» አለ። ቀና ሲል ገና እየጸለየች ነበር።