አንቺ የሚል ሰው

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ጡረተኞች ብቸኝነት ነበር። አማካሪዬ መጠይቁን ሦስት ጊዜ መልሶብኝ ቆሽቴን አሳርሮታል። የመጨረሻው ሰበቡ «አክብሮት ይጎድለዋል» የሚል ስለነበር፣ ሃያውንም ጥያቄ «እርስዎ» እያልኩ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

የመጀመሪያዋ መላሽ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር የነበሩ እናት ናቸው። ሰፈርተኛው «እትዬ ሃሎ» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ቢሆንም ወንበራቸው ዛሬም መስኮቱ ሥር ነው።

«እርስዎ ብቸኝነት ይሰማዎታል? ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ ወይስ ፈጽሞ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ቤቴ መች ሰው ጠፍቶበት! ልጆቼ ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል።»

«ፈጽሞ» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ግን ናፈቀኝ። አንቺ የሚለኝ ሰው። እህቶቼም ጓደኞቼም ቀድመው ሄዱ። የቀረኝ እሱ ነበር፤ ከሥራ ስገባ ‹መጣሽ፣ አንቺ ለፍላፊ!› ይለኝ ነበር። ልጆቼን አንቱ በሉ ብዬ ያሳደግኳቸው ራሴው ነኝ። ይኸው፣ እንደ ሐውልት አከበሩኝ!»

ወረቀቴ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እስከ በር ሸኙኝ። «ደህና ይዋሉ» ልል አፌን ከፈትኩና ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ደህና ዋይ» አልኳቸው፣ እንዳልተቀጣ ልጅ።

እትዬ ሃሎ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ እጃቸውን እንደ ስልክ እጀታ ጆሯቸው ላይ አደረጉና፦

«ሃሎ? መስመሩ ይቆራረጣል፤ እስቲ ድገሚው» አሉኝ።