የአራሷ ሹሩባ

«መቀስ ይዘሽ ነይ» አሉ ወይዘሮ ወጋየሁ በስልክ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። «ያ አንቺ የሠራሽው ሹሩባ ቤቱን አሸተተው። ክርስትናው ደርሷል፤ በዚህ ራስ ቤተክርስቲያን ይዣት አልገባም። ነይና ቆርጠሽ ጣይልኝ።»

ዙሌካ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

መካኒሳ አቦ አካባቢ ዙሌካን የማያውቁ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ መንገዱ ዳር፣ ሁለት ወንበርና አንድ መታጠቢያ ያላት ጠባብ ፀጉር ቤት አለቻት። ሹሩባ ስትጎነጉን መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከእጇ ቀጥሎ የምትታወቀው በቁጣዋ ነው። በልጅነቷ ከስልጤ አገር መጥታ አክስቷ ቤት ነው ያደገችው፤ የሰው ልጅ እያዘለች፣ የሰፈሩን ልጆች ራስ እየጎነጎነች። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። በሰው ራስ ላይ ተሳስታ፣ በሰው ራስ ላይ አርማ ነው የተማረችው። ለዚህም ይመስላል በእጇ ያለፈን ፀጉር ሁሉ እንደ ራሷ ነገር የምታየው።

ከሁሉም በላይ የሚያንጨረጭራት ደግሞ በዊግ የተሠራ ሹሩባ አይታጠብም የሚሉ ሴቶች ናቸው። «ውሃ ከነካው ይበላሻል» ይላሉ። ወር አልፎ ወር ሲተካ ተሸክመውት ይዞራሉ፤ ሲያሳክካቸው በመዳፋቸው አናታቸውን ጠፍ ጠፍ ያደርጋሉ።

«ከሥሩ እኮ ራስሽ አለ!» ትላቸዋለች። «ዊጉ ነው እንጂ ከፋብሪካ የወጣው፣ አንቺ ሰው ነሽ!»

እየተቆጣች ታጥባቸዋለች፣ እያጠበች ታስተምራቸዋለች። ሻምፖውን በውሃ አቅጥኚው፤ በመስመሮቹ መሃል አፍስሺው፤ በጣትሽ ጫፍ እሺው እንጂ በጥፍርሽ አትቧጭሪው። ሹሩባውን አትፈትጊው፣ ወደ ታች ጨምቂው። በፎጣ ሳይሆን በአሮጌ ካናቴራ አድርቂው። እርጥቡን ጠቅልለሽ እንዳትተኚ፣ ይሸታል። ሴቶቹ እሺ ይላሉ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ይረሱታል።

መቅደላዊት ብቻ ናት ያልረሳችው። ለቡ የምትኖር፣ የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ ቃል የማይበዛባት ልጅ ናት። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዙሌካ ስታበጥረው ደስ ብሏት አትጠግበውም። እርግዝናዋ ሲገፋ መጥታ «ስወልድ እንዳያስቸግረኝ ቀለል አድርገሽ ጎንጉኚልኝ» አለቻት። ዙሌካ ግን አላስቻላትም። ዊግ ጨማምራ እስከ ወገቧ አወረደችላት። «ጠያቂ ሲመጣ አራስ ቤት እንደ ሙሽራ ትታዪያለሽ» አለቻት። መቅደላዊት መስታወቱን አየት አድርጋ ፈገግ አለች።

ሴት ልጅ ወለደች። ዙሌካ በሳምንቱ ሄዳ ጠየቀቻት፤ ያን ዕለት የመቅደላዊት ራስ በሻሽ ተጠቅልሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውልላት «እሺ ዙሌ፣ እመጣለሁ» ከማለት በቀር ሌላ አልሰማችም።

ስልኩ እንደተዘጋ ወንበር ላይ የነበረችውን ደንበኛ ቶሎ ቶሎ ጨርሳ ሸኘች። ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ ሰፊ ጥርስ ያለው ሚዶ፣ የውሃ መርጫ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መቀሱን አነሳችው፤ አየችው፤ መልሳ መሳቢያው ውስጥ ወረወረችው። ታክሲው ውስጥ እስከ ለቡ ድረስ ለራሷ ስታጉረመርም፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ከእሱ ጋር የተጣላች መስሎት ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ኮንዶሚኒየሙ ላይ ወጥታ ስታንኳኳ በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ወጋየሁ ናቸው፤ የመቅደላዊት ባል እናት። አራሷን ሊያርሱ መጥተው ቤቱን በእጃቸው ያደረጉ፣ ደርባባ ሴትዮ።

«መቀሱን ይዘሻል?»

«አልያዝኩም እትዬ። መጀመሪያ ልያት።»

መኝታ ቤቱ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ታፍኗል። መቅደላዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ዙሌካ ሰላም ብላት፣ ልጅቱን ስማ፣ ሻሹን ፈታችው።

ሽታው ነው ቀድሞ የመጣው። የላብ፣ የወተትና የቆየ ቅቤ ሽታ። ከዚያ ፀጉሩ ታየ። እነዚያ እንደ መስመር ቀጥ ያሉ ሹሩባዎች ከሥራቸው ተያይዘው፣ አናቷ ላይ እንደተረገጠ ምንጣፍ ሆነዋል። ቅቤው ከዊጉ ጋር ረግቶ አቧራ ይዟል። ፎሮፎሩ በመስመሮቹ መሃል ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ክብደቱ በሚጎትትበት ቦታ፣ ቆዳው ቆስሎ ውሃ ቋጥሯል።

ዙሌካ ቀና አለች።

«ማነው ዊግ ላይ ቅቤ የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ወጋየሁ። «አራስ ቅቤ ትቀባለች። ምን አጠፋሁ?»

«ቀብተው አያጥቧትም እንዴ?»

«የአራስ ራስ በውሃ አይነካም። ብርድ ይገባታል። ሰማንያ ቀኗ እስኪሞላ ነው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቁስል ነው! ይዩት! ልጅቷን አበስብሰዋታል!»

«አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

ይህችን ጥያቄ ዙሌካ በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ተጠይቃለች፤ በአክስቷ፣ በጎረቤት፣ አንድ ጊዜም ጥሏት በሄደ ባል። ከዚህ በፊት ዝም ብላ ታልፋት ነበር። ዛሬ ግን አላለፈቻትም።

«አልወለድኩም። አፍንጫ ግን አለኝ» አለች።

ባልየው ፊሊጶስ በሩ ላይ ብቅ አለ። የጠፋ ሰው መንገድ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው ሁለቱንም እያየ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ሕፃኗ…» አለ።

«አንተስ!» ዙሌካ ዞረችበት። «አጠገቧ አይደል የምትተኛው? አልሸተተህም?»

«እኔ ሳሎን ነው የምተኛው» አለ ፊሊጶስ።

«ሳሎን ይተኛል! ሂድ ውሃ አምጣ!»

ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። ፊሊጶስ ጀሪካን ይዞ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ሮቶ እየቀዳ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። ዙሌካ ወጥ ቤት ገብታ ትልቁን ድስት ስትጥድ ወይዘሮ ወጋየሁ ምድጃው ፊት ቆሙባት።

«አይሆንም አልኩሽ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «እህቴን የቀበርኳት በዚህ ነው። ወልዳ፣ ሳምንት ሳይሞላት፣ ‹ራሴ ከበደኝ› ብላ ታጠበች። በዚያው ሌሊት ትኩሳት አነደዳት። ሐኪም ጋ ሳናደርሳት መንገድ ላይ ሞተች። ልጇን እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አሁን ደግሞ የልጄን ሚስት ልቅበር?»

ዙሌካ የገደላት ውሃው አይደለም ልትል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ የሴትዮዋን ዓይን ስታይ ዋጠችው። መዋጡ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፤ ቁጣዋ ሞልቶ የምታፈስበት ሰው አጣች።

«ነፍስ ይማር» አለች በጥርሷ መሃል። «ውሃው ሙቅ ነው። ወዲያው አደርቃታለሁ። ካመኑኝ ይመኑኝ፣ ካላመኑኝ አጠገቤ ይቁሙና ይጠብቁኝ።»

ወይዘሮ ወጋየሁ ቆሙ። ከዚያ ፎጣ አምጥተው የበሩን ሥር ወተፉ፤ የመስኮቱን መጋረጃ በስፒል አያያዙ። ሁለት ጋቢም አመጡ።

ሥራው ተጀመረ። መቅደላዊት አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ሕፃኗን አማት ያዙ። ዙሌካ ኮንዲሽነሩን በውሃ በጥብጣ እየረጨች፣ እያንዳንዷን ሹሩባ ከጫፏ ጀምራ መፍታት ያዘች። የተቋጠረውን በጣቷ እየሰነጠቀች፣ በሚዶው ጭራ እየለቀቀች። አንዷን ለመፍታት ሌላ ጊዜ አሥር የምትጎነጉንበትን ያህል ይፈጅባታል። እጇ ሲሠራ አፏም አላረፈም።

«ቅቤ! ዊግ ላይ ቅቤ! አንድ ቀን እንኳ በጨርቅ ነክራችሁ መስመሩን ብትጠርጉላት ምን ነበረበት? … ሳሎን ይተኛል ደግሞ! … አንቺስ ብትሆኚ? አፍ የለሽም? ስደውል ‹እሺ እመጣለሁ›፣ ስደውል ‹እሺ እመጣለሁ›! ያን ሁሉ አስተምሬሽ! እኔ እንዲህ ያለ ፀጉር ቢሰጠኝ—»

«ዝም በይ» አለች መቅደላዊት።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ግን ዙሌካ እጇ ባለበት ቆመ። ፊሊጶስ ጀሪካኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ።

«ቀለል አድርጊልኝ ነው ያልኩሽ» አለች መቅደላዊት፤ ፊቷን ሳታዞር፣ ግድግዳውን እያየች። «አንቺ እስከ ወገቤ አወረድሽው። ሳምጥ ጀርባዬ ሥር እየገባ ሲጎትተኝ ነበር። ሳጠባት ፊቷ ላይ ይወርድባታል። እሳቸው ቅቤ ሲቀቡኝ አልጠየቁኝም። ሊያስቆርጡኝ ሲደውሉልሽ አልጠየቁኝም። አንቺ ‹አይቆረጥም› ብለሽ ስትመጪ አልጠየቅሽኝም። ይሄው ከጠዋት ጀምሮ ራሴ ላይ ቆማችሁ ትጮሃላችሁ። ማን ነው የሚያሳክከው? ማን ነው የሚያመው?»

መቅደላዊት ሹሩባውን በእጇ ጨበጠች።

«ቁረጪው።»

«መቅዲ፣ ግማሹን እኮ ፈትቼዋለሁ። ይድናል። ትንሽ ታግሠሽ—»

«ዊጉን ብቻ አላልኩም። ሁሉንም ቁረጪው። አጭር አድርጊው።»

«ኧረ በማርያም!» ወይዘሮ ወጋየሁ ከአልጋው ላይ ተነሡ። «እኔ ዊጉን ነው እንጂ የራስሽን ፀጉር ማን አለሽ? ለክርስትና እንግዳ ተጠርቶ! ሰው ምን ይላል? አንቺ ዙሌካ፣ ተናገሪያት እንጂ!»

«እትዬ ልክ ናቸው መቅዲ፣ ስትበርጂ ትጸጸቻለሽ» አለች ዙሌካ።

መቅደላዊት ያን ጊዜ ዞረች። ከድካምና ከእንቅልፍ እጦት የጎደጎዱት ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አያችሁ?» አለች። «አሁን ደግሞ ተስማማችሁ።»

ፊሊጶስ ጀሪካኑን አስቀመጠ። ወደ ሳሎን ሄዶ መሳቢያ ሲከፍት ተሰማ። የእናቱን የልብስ ስፌት መቀስ ይዞ መጣና፣ ማንንም ሳያይ፣ ዙሌካ እጅ ላይ አኖረው። ያን ቀን ሳይታዘዝ ያደረገው ነገር ይኼው ነበር።

ዙሌካ ቆረጠችው። መቀሱ ደነዝ ነው፤ እያንዳንዷን ቋጠሮ ሲያኝክ ጣቷን አሳመማት። ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ቆረጠችው፤ እንባው የሐዘን አልነበረም፣ የንዴት ነው። ያ ሁሉ ቅቤና ዊግ ወለሉ ላይ ከተከመረ በኋላ የቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ፀጉር ነበር። ከዚያ አጠበቻት። ማጠቡ አሁን ቀላል ሆነ። ውሃውን በጆግ ቀስ እያለች አፈሰሰች፤ ቁስሉን እየዘለለች አሸች፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋገመች። መቅደላዊት ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተነፈሰች። ወይዘሮ ወጋየሁ ጋቢውን ይዘው ተጠግተው ነበር፤ የመጨረሻው ውሃ ከመውረዱ ጭንቅላቷን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስደገፏት።

«ቁስሉን ጤና ጣቢያ አሳይዋት» አለች ዙሌካ ዕቃዋን እየሰበሰበች።

«ምሳ ሳትበይ?» አለ ፊሊጶስ።

«አልራበኝም።»

ፀጉሩን በፌስታል ይዛ ወርዳ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው። እስከ ታክሲው ድረስ በሚያስኬደው ኮረኮንች ላይ ስትሄድ አሁንም ታጉረመርማለች፤ ግን ማንን እንደምትሳደብ አልለየላትም። አማትየዋን ልትል ትጀምርና የሞተችው እህታቸው ትመጣባታለች። ፊሊጶስን ልትል መቀሱ ይመጣባታል። መቅደላዊትን ልትል ደግሞ «ቀለል አድርጊልኝ ነው ያልኩሽ» የሚለው። እውነት ነው፣ ብላት ነበር። እውነት መሆኑ ነው የሚያበግነው።

በማግስቱ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሁሉንም ተቆጣች። አንዲት ተማሪ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለች «እስከ ትከሻ ብቻ» ስትላት፣ ዙሌካ ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ እስከ ትከሻ ብቻ ሠራችላት። ልጅቱ ስትወጣ ግን ሚዶውን መታጠቢያው ውስጥ ወረወረችው።

ለመቅደላዊት አልደወለችም። መቅደላዊትም አልደወለችም። የክርስትናው ጥሪ በፊሊጶስ በኩል ደረሳት። አልሄድም ብላ አደረች፤ ከሰዓት በኋላ ልብሷን ቀይራ ሄደች።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። መቅደላዊት ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ራሷን ገልጣ ትዘዋወራለች። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አቀራርበው «ምን ሆና ነው? ታማ ነው?» ይባባላሉ። ወይዘሮ ወጋየሁ ሳህን ይዘው ሲያልፉ ሰሟቸው።

«ራሷ ናት ያስቆረጠችው» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። «ፀጉሩ የሷ ነው። እናንተን ምን አገባችሁ? ብሉ!»

ከዚያ ዙሌካን አዩ። ፊታቸው አልተፈታም። ወደ ጓዳ ገብተው የተከደነ ሳህን ይዘው ተመለሱና ፊቷ አስቀመጡ። «ያንቺ ለብቻ ነው። ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፤ ድስቱም ለብቻ ነው» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ዙሌካ መብላት እንደጀመረች መቅደላዊት ልጇን ታቅፋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ቁስሉ ድኗል። ፀጉሯ ንጹህ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ዙሌካ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ቦታ በዓይኗ ፈልጋ አየችው።

«አሁንም ተቆጥተሻል?» አለቻት መቅደላዊት።

«አዎ።»

«እኔም» አለች መቅደላዊት። ልጇን ዙሌካ ጭን ላይ አስቀመጠችና አዲስ የገባውን እንግዳ ልትቀበል ተነሣች።