በሰንሰለት የታሰረችው ሽቦ

ቤቴ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ገመዶቼን ነው። የወጥ ቤቱ መቀስ ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስሯል። የጨው ማንኪያው ከጨው ዕቃው ጋር፣ የበሩ ቁልፍ ከግድግዳው ሚስማር ጋር፣ የልጄ እርሳስ ከደብተር ቦርሳዋ ጋር ታስሯል። ጎረቤቶቼ «ታዱ፣ ባልሽንስ በምን አሰርሽው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ልጆቼም ይስቃሉ። እኔ አልቀየማቸውም። አንዲት ትንሽ ነገር ከቦታዋ ስትጠፋ ምን እንደምታመጣ ያወቅኩት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል ባያልፍም ያቺን ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

ያኔ የምንኖረው ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የሙዝ አትክልቱ ጥግ ላይ ነበር። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ይቀሩት ነበር። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሽታ የእርጥብ አፈርና የበሰለ ማንጎ ነው። ቀጥሎ የናፍጣ ጭስ ይመጣል፤ የአትክልት ገበሬዎቹ ማኅበር ያለው አንድ ትራክተር የሚያድረው ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ስለነበር። ድሮ ቀይ ነበር ይላሉ። እኔ የደረስኩበት ግን ዝገት መስሎ ነው። እሱ ሲነሳ ዶሮዎቻችን ይበተናሉ፣ እናቴ ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ዱቄትና የሽፈራው ቅጠል ድብልብል፣ የምትቀቅልበት ብረት ድስት ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ትምህርት ቤት ሊረፍድብኝ መሆኑን አውቃለሁ።

ሾፌሩ አባቴ ነው። አባቴ ቶማስ ከጋሞ ደጋ የወረደ ሸማኔ ነው። በክረምት ቤት ውስጥ የሸማ ሥራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ሸማ ይሠራል፤ በበጋ ትራክተር ይነዳል። ትራክተሩ ከኋላው ተሳቢ እየጎተተ ሙዙን ከአትክልቱ ወደ አስፋልት ያወጣል፤ እዚያ የጭነት መኪኖቹ ይረከቡታል። ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ኤልያስ ነበር።

የዚያን ጊዜ ተሳቢ ማገናኘት እንዴት እንደነበር የኩልፎ ልጆች ታስታውሳላችሁ። አንድ ሰው በትራክተሩና በተሳቢው መሐል ይቆማል። ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ሰውየው የተሳቢውን አፍንጫ፣ ከፊቱ የወጣውን መጎተቻ ብረት፣ በአንድ እጁ ያነሳል፣ በሌላው ወፍራም የብረት ፒን ይዞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ይላል። የአፍንጫው ቀለበት ከትራክተሩ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም ፒኑን ይሰካል። ሾፌሩ ከኋላው ያለውን አያይም፤ የሚያምነው ድምፅ ብቻ ነው። እኛ ልጆች ግቢ ውስጥ ይህንኑ እንጫወት ነበር። አንዱ ትራክተር፣ አንዱ ተሳቢ ይሆናል፤ ፒን መሆን ግን ሁሉም ይሻማል።

አንድ ቀን የአጎቴ «በቃ» ትንሽ ዘገየች። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጠፉ። እሱም ሸማኔ ነበር። ከዚያ በኋላ መወርወሪያ አልያዘም።

እናቴ ያን ሰሞን አባቴን አላስተኛችውም። ነገ ደግሞ መሐል የሚቆመው አንተ ነህ፣ የአንተ እጅ ከተነካ ክረምቱን ምን እንበላለን እያለች ትሟገተው ነበር። አባቴ ሸማው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያያል። ሸማኔ መርገጫውን በእግሩ ሲረግጥ ገመድ ይሳባል፣ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ያልፋል። ከድሩ መሐል እጁን ማንም አያስገባም። አባቴ ይህንን ስንት ዓመት ሲያደርገው ኖሮ ያየው ያን ሳምንት ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለ አንድ በያጅ ጋር ከረመ። ጎረቤቱ ሁሉ ቶማስ ብረት ሊሸምን ነው እያለ ሳቀበት። ሠርቶ ያመጣው ነገር ሲታይ ቀላል ነበር። ከትራክተሩ ኋላ እንደ ተከፈተ አፍ ሁለት ብረቶች አስበየደ፤ የተሳቢው ቀለበት በነሱ መሐል ራሱ ተመርቶ ይገባል። ከአፉ በላይ ፒኑ በሞላ ተገፍቶ ይቆማል። ከፒኑ የተነሳ ገመድ ወደ መቀመጫው ሄዶ ከመርገጫ ጋር ታስሯል። አባቴ ሲረግጥ ፒኑ ይነሳል፣ ቀለበቱ ይገባል፤ እግሩን ሲያነሳ ሞላው ፒኑን ቁልቁል ይሰካዋል። የተሳቢው አፍንጫም ሰው እንዳያነሳው በብረት እግር እንዲቆም ተደረገ። አሁን መሐል የሚቆም ሰው የለም። የቀረ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲያነጥር ፒኑ ዘሎ እንዳይወጣ፣ ሁሉም ነገር ቆሞ ሳለ ከጎን መጥቶ የፒኑን ጫፍ ቀዳዳ በትንሽ ሽቦ መቆለፍ።

ያቺ ሽቦ የአጎቴ ሥራ ሆነች። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዘለቀ ከሰሜን በሥራ መጥተው ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚሁ ሙዝ ተክለው የቀሩ፣ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነበሩ። ኤልያስ በዚህ እጁ ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁ፣ አባቴ ይህን ማገናኛ የሠራሁት እሱ እንዲሠራበት ነው አላቸው። እሳቸውም እንግዲህ እናያለን አሉ። አጎቴም በየማታው ሽቦዋን ነቅሎ ከመቀመጫው ጎን ሚስማር ላይ ይሰቅላታል፤ ጠዋት ያወርዳታል። ሦስት ጣት ይበቃታል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። የደብተር ቦርሳዬን አባቴ ከሸማ ቁራጭ ነበር የሰፋልኝ። ማንገቻውን የሚይዘው ብረት አንድ ጠዋት ተሰበረ። ረፍዶብኝ ቦርሳዬን አቅፌ ስሮጥ፣ ትራክተሩ አጠገብ ሳር ላይ ጣት የምታህል፣ ጫፏ የተጣመመች ሽቦ ወድቃ አየሁ። ማታ ነፋስ ነበረ፤ ከሚስማሩ ላይ የጣላት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ለእኔ ግን የወደቀ ሽቦ ነበር። ማንገቻዬ ላይ ሰካኋት። ልክክ አለች። ደስ እያለኝ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከእረፍት በኋላ ወሬው ክፍላችን ደረሰ። ተሳቢው ወደ አስፋልቱ መውጫ ዳገት ላይ ተለቆ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ሙዙ በውሃው እየተንሳፈፈ ነው። ልጆቹ ተደሰቱ፤ ምሳ ሰዓት ግማሹ ክፍል ሙዝ ሊለቅም ሮጠ። እኔ ቤቴ ስደርስ እናቴ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግሯን መንገድ ላይ አገኘችኝ። ብዙ ጊዜ ከተሳቢው ኋላ ተንጠልጥዬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ቦይ ድረስ ሮጣ፣ ከሙዙ ሥር ፈልጋኝ መመለሷ ነው። አቀፈችኝ፤ ከዚያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ከዚያ እንደገና አቀፈችኝ። ያኔ ለምን እንደተቆነጠጥኩ አልገባኝም ነበር። ልጅ ወልጄ ገባኝ።

ማታ አባቴና አጎቴ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ሰማሁ። አጎቴ ጠዋት ሚስማሩ ባዶ ሆኖ አግኝቶታል። ትናንት ከእጄ ጥያት ይሆናል ብሎ አፈረ። ለማንም ሳይናገር፣ እኛ ሰፈር ሁሉ ነገር እንደሚታሰረው፣ ፒኑን በሙዝ ልጥ አሰረው። ልጡ ቦዩን ሲሻገሩ ራሰ፤ ዳገቱ ላይ ተበጠሰ። አባቴ ሽቦዋ ምን ያህል እንደነበረች በጣቱ እያሳየ፣ ጫፏ ተጣምማ ነበር፣ እንደገና እንፈልግ አለው። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ትከሻዬን ነካሁ። ማንገቻዬን የያዘችው ያቺ ነበረች።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። አጎቴ ፋኖስ እያበራ ሳሩን በሦስት ጣቱ ሲዳብስ አያለሁ፤ ኩርኩፋው ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር ሲቀርብለት አይበላም። ሽቦዋን ትራክተሩ ሥር ልጥላትና እነሱ ያግኟት ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ከማንገቻዬ ልፈታት ጀመርኩ። ግን እዚያ ከተገኘች ከኤልያስ እጅ ወደቀች ነው የሚባለው። መልሼ ሰካኋት። አባቴ ይመታኛል ብዬ አልፈራሁም፤ መትቶኝ አያውቅም። የፈራሁት የሚያየኝን አስተያየት ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስገባ የማኅበሩ ሰዎች ማንጎው ሥር ተሰብስበዋል። ጋሽ ዘለቀ ወንበር ላይ፣ ሌሎቹ ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ዘለቀ የሚሉት ግልጽ ነበር። አባቴ የሠራው ነገር ጥሩ ነው፣ ግን የሚጠነቀቅለት ሰው ይፈልጋል፤ ኤልያስ ይረፍ፣ ሙሉ እጅ ያለው ሰው ይተካ። አባቴ ወንድሜ ሽቦ ጥሎ አያውቅም ብሎ ተከራከረ። ሁሉም ወደ አጎቴ ዞሩ። አጎቴ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የጎደለውን ቦታ እያየ ቆየ።

«ከእጄ ወድቃ ይሆናል» አለ። «እኔም አላምነውም ይሄን እጅ።»

እንዲህ ሲል ሰምቼ መቆም አልቻልኩም። መሐላቸው ገባሁ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም።

«እኔ ጋ ናት» አልኩ።

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አስተካክለው ምኗ አሉኝ። መናገር ስላቃተኝ ከማንገቻዬ ላይ ሽቦዋን ነቀልኩ። ቦርሳዬ መሬት ወደቀ፤ ደብተሮቼ በሰዎቹ እግር መሐል ተበተኑ። ሽቦዋን ለአጎቴ ሰጠሁት።  አራት ቀን ሙሉ እነሱ ሳሩን ሲያገላብጡ፣ እኔ ፊታቸው በትከሻዬ ይዣት ስገባ ስወጣ ነበር።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። «ቶማስ፣ ሌባህን እያበላህ ነው የከረምከው» አሉት። ሌሎቹም ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም፤ ሽቦዋን በሦስት ጣቱ እያገላበጠ አየ፣ ከዚያ እኔን ሳብ አድርጎ ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ ያዘው። ልቡ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ደብተሮቼን አንድ በአንድ ለቀመ። አቧራቸውን በኩታው ጠረገ። የሚቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን የተናገረው ለሰዎቹ ነበር።

«ልጅ ልታነሳት ከቻለች፣ ሥራዬ ገና አላለቀም ማለት ነው» አለ። «ጥፋቱ የሷም የኤልያስም አይደለም። ለቀቅ አድርጌ የተውኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ዘለቀ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። ከዚያ፣ ጨርሰውና ከነኤልያስህ ሥራ አሉት።

በማግስቱ አባቴ የውሻችንን ሰንሰለት ከግማሽ ቆረጠ። ውሻችን ከዚያ በኋላ በገመድ ኖረ፤ ቅር ያለው አይመስልም። ግማሹን ሰንሰለት አንድ ጫፉን ከትራክተሩ ብረት ጋር አስበየደው፣ በሌላው ጫፍ ሽቦዋን አንጠለጠለ። አሁን ነፋስ ቢነፍስም፣ ልጅ ቢመጣም፣ እጅ ቢያዳልጥም ከአንድ ክንድ አትርቅም። አጎቴ ዳገቱን በሚወጡበት ጠዋት ቆልፏት፣ ሁለቴ ሳብ አድርጎ አይቷት፣ ለአባቴ እጁን አነሳለት። እናቴ በር ላይ ቆማ አስፋልት እስኪደርሱ አላረፈችም። ሙሉ ጭነት ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ማኅበራትም እያዩ አሠሩ፤ በያጁ ሲቀላ ውስጥ የቶማስ አፍ እያለ ይሠራላቸው ጀመር። አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ፣ ጠጉሩ እስኪሸብት ያቺኑ ሥራ ሠራ። ሌላ ጣት አልጎደለበትም፤ በእሱ ቦታ የተተካም አልነበረም።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። ባጃጁ እስከ አትክልቱ ድረስ ይገባል። አዲሶቹ ትራክተሮች ከፋብሪካ ሲመጡ ማገናኛቸው ራሱ የሚቆልፍ ነው፤ ወጣቶቹ ሾፌሮች ድሮ ሰው መሐል ይቆም ነበር ሲባሉ የምናጋንን ይመስላቸዋል። ማንጎው አርጅቷል፣ አባቴም አርጅቷል። አሮጌው ትራክተር ጎማው ወጥቶ እዚያው ሥሩ ቆሟል፤ ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል፣ ልጆቼ ሲሄዱ መሪውን ያሽከረክሩበታል። እኔ መጀመሪያ ስለት ያለው ብረትም ሆነ እባብ እንደሌለ ሳላይ አላስቀምጣቸውም።

ባለፈው ሰንበት እንደተለመደው ሄደን፣ ትልቋ ልጄ ከትራክተሩ ኋላ ያለውን እያንዳንዱን ነገር አያቷን ትጠይቅ ነበር። ይሄ ምንድን ነው ትላለች፤ እሱ አፉን፣ ሞላውን፣ መርገጫውን ሠራሁት እያለ ይነግራታል። መጨረሻ ላይ የዛገችውን ሰንሰለት ያዘች። ሽቦዋ ጫፏ ላይ አሁንም አለች።

«ይቺንስ አንተ ነህ የሠራሃት?» አለችው።

አባቴ ወደ እኔ አየ። ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ያለሁ ሴት፣ ያን ቀን እንደነበርኩት አንገቴን ደፋሁ።

«አይ» አላት፤ «ይቺን የሠራችው እናትሽ ናት።»

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ሚኒባሱ ውስጥ የእርሳሷን ገመድ ጣቷ ላይ ስትጠቀልልና ስትፈታ መጣች። ከዚህ በኋላ በገመዶቼ አትስቅም ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን የታናሽ ወንድሟን ኮፍያ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር አስራ፣ እማዬን አልመስልም እያለች ስትስቅ ደረስኩባት። ጠጋ ብዬ ቋጠሮዋን አየሁት። ላላ ያለ ነበር። አጠበቅኩላት።