ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የነበረው ቴላዮ

የባሌ ታናሽ ወንድም በ1988 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ባሌ በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ብስክሌቱን ከቤቴ ወስዶ ካደኝ። የበደለኝ እሱ ብቻ አይደለም። ብስክሌት ጠጋኙም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም አሉበት። የጀመረው ግን እሱ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

“እትዬ፣ ጫኖ ደርሼ ልምጣ፤ ለሁለት ቀን ብቻ ስጪኝ” ብሎ ነው የወሰደው። ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን በእግሩ መጣና “ገበያ መሐል ሰረቁኝ” ብሎ አለቀሰ። ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ኅዳር ላይ ከሥራ ወጥቼ ከከተማችን ላይኛ ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ቁልቁለቱን ስወርድ የባሌ ወንድም በአረንጓዴ ብስክሌት አጠገቤ አለፈ። የታጠፈው መሪ ቀጥ ባለ ተለውጧል። ጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ ተጨምሮበታል። ከፊቱ የቻይና ምልክት ተለጥፎበታል። የብስክሌቱን አጽም፣ ቴላዮውን፣ ግን አወቅኩት። ስድስት ዓመት በእጄ ያጠብኩትን ነገር ቀለም አይሰውርብኝም።

ባሌ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ብስክሌቱን ያመጣው አስመራ ሲያስተምር ከቆየ በኋላ ነው። ሲገዛው ምንም ምልክት አልነበረውም፤ የጣሊያን መሆኑን እንጂ ማን እንደሠራው አያውቅም ነበር። እንደነገረኝ ከሆነ ብዙ ሰው ጠይቆ አንዱ ይህን ስም፣ ሌላው ያንን ስም ሲሰጠው ኖረ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የአስመራ ጠጋኝ ብስክሌቱን ገልብጦ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን ወፍራም ቧንቧ አሳየው። ከሥሩ ውኃ እንዲፈስበት የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው የወይን ቅጠል ቅርጽ አለው። “እንዲህ የሚበሳ አንድ ሰው ብቻ ነው” ብሎ የሠሪውን ስም ነገረው። ስሙን አውቀዋለሁ። እዚህ ግን የማንንም ስም አልጽፍም።

በኋላ ባሌን እጁን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያዘው። ክረምት በወጣ ቁጥር ብስክሌቱን ፈትቼ፣ ዘይት ቀብቼ የምገጥመው እኔ ሆንኩ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዛል። “ወደ ግራ! በዚህም በኩል ወደ ግራ! ስንቴ ልንገርሽ? ይሄ ቻይና አይደለም!” ስሳሳት ደደብ ይለኝ ነበር። ለእሱም ቢሆን ሁሉን ይቅር አላልኩም። ትምህርቱ ግን ገብቶኛል።

ለወንድሙ “ይህ የኛ ነው” አልኩት። “ሶዶ የገዛሁት ቻይና ነው” አለኝ። በሰው ፊት ሌባ አልኩት። ሄዶ ለቤተ ክርስቲያን ከሰሰኝ። ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም ሳይሆን እኔን ብቻ ጠሩ። “የወንድምሽን ስም አጥፍተሻል፤ ይቅርታ እስክትጠይቂ ከጌታ ራት ታግደሻል” አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ራት ሲታደል ከኋላ ወንበር ተነሥቼ ስወጣ ያ ሁሉ ምእመን ያየኝ ነበር። ካላረጋገጥኩ በዚያች ከተማ ቃሌን የሚያምን አይኖርም ነበር።

“ይፈተሽ” አልኩ። እንቢ ማለት ስላልቻሉ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራን የሚለማመዱበት በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። የሲቀላውን ብስክሌት ጠጋኝ አስጠሩት። ሲቀላ ውስጥ ብስክሌት የሚታወቀው ከፊቱ ባለው ምልክት ነው። ምልክቱ ምን እንደሚል የሚፈርደው ደግሞ ይህ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየና “ቻይና ነው” አለ።

“ሌላ ቦታ አታይም?” አልኩት።

“እትዬ፣ ሰውን የምታውቂው በፊቱ አይደለም እንዴ?”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የባሌ ወንድም “ቴላዮ ድስት መሰላት!” ብሎ ጨመረ። ይበልጥ ሳቁ።

ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆየሁ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ “አባቶች፣ ሳይነካ በፊት ልናገር። ፔዳሎቹ ከነክንዳቸው ይውለቁ። በሰንሰለቱ በኩል ያለው የዘንጉ ክዳን ወደ ግራ ይፈታል። ቻይና ቢሆን ወደ ቀኝ ነበር። ከቧንቧው ሥር የቅጠል ቀዳዳ አለ፤ ዛሬ ባይታይ ተደፍኖ ነው። ሁለቱ ካልተገኙ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ጠጋኙ ፔዳሎቹን አወለቀና ቁልፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ ወደ ቀኝ ገፋ። እንቢ አለው። በደረቱ ተጫነው።

“ዝጓል” አለ።

“ወደ ግራ ሞክር።”

“እትዬ፣ በዚህ በኩል ወደ ግራ ማለት ማጥበቅ ነው። ስንት ዘመን ስፈታ ኖሬያለሁ!”

“እንግዲያው አጥብቀው። ምን ትጎዳለህ?”

ወደ ግራ ገፋው። ክዳኑ ተንቋቋና ዞረ። ሌላው ክዳንም ወደ ግራ ወጣ። ብስክሌቱን ገልብጦ የቧንቧውን ሥር በሚስማር ሲፍቀው አረንጓዴው ቀለም ተላጠ፤ ነጭ ስቱኮ ረገፈ፤ ቅጠሉ ወጣ። ጠጋኙ ጣቱን በቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያ አዞረ። “የጣሊያን ነው። የሳቸው ነው” አለ፤ ወደኔ ግን አላየም።

የባሌ ወንድም “የወንድሜ አይደለም እንዴ? ከእኔ ሌላ ማን ይንዳው?” አለ። ሰረቁኝ ብሎ ማልቀሱን ረስቶት ነበር።

ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው ጠበቅኩ። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ትልቁ እንዲህ አለ፦ “እህታችን፣ እውነቱ ታወቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ሴት ነሽ፣ አትነጂው። እሱ ቀለም አስቀብቶ፣ ዕቃ ገዝቶ ደክሞበታል። ለሰላም ስትይ ተዪለት። እገዳሽም ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል። በሉ ተቃቀፉ።”

እሱ እጁን ዘርግቶ ወደኔ መጣ። ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ የነበሩትን ሁለቱን ክዳኖችና ዘንጉን አነሣሁ፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በመሐላቸው አልፌ ወጣሁ። ትልቁ ሽማግሌ “ኧረ እህታችን!” እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። ዞር አላልኩም። ያለ እነሱ ብስክሌቱ አይነዳም፤ የቻይና ክዳን ደግሞ ለዚያ ቧንቧ ያንሳል፤ ጥርሱ ሳይዝ ይወልቃል። ይህንንም ባሌ አስተምሮኛል።

በሳምንቱ የባሌ ወንድም ጠጋኙን ላከብኝ፤ አልሰጠሁም። ቀጥሎ ሚስቱን ላከ፤ በሩን አልከፈትኩም። በሁለተኛው ወር ቴላዮውን አምጥቶ አጥሬ ላይ አስደግፎ ሄደ። አስገባሁት። አረንጓዴውን ቀለም ፍቄ ጨረስኩ። ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ። ብስክሌት መንዳት ተማርኩ።