ጨዋታ የጠፋበት ፀጉር ቆራጭ

ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለው ነበር። ሥራው ፀጉር መቁረጥ ነው፤ ወደ ሱቁ ከሚመጣው ሰው ግን ግማሹ ፀጉሩ ገና ያላደገ ነበር። የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ሹፌር የትኛዋን ነርስ ሰበብ እየፈለገ እንደሚያደርሳት ከእሱ አፍ ሳይሰማ የሚውል አልነበረም። መቀሱና ምላሱ እኩል ነው የሚሄዱት። ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተኝተህም ታወራለህ እኮ» ስትለው፣ «የቀኑ ወሬ ሳያልቅ እየመሸብኝ ምን ላድርግ» ይላታል።

የሚስቱ ወንድም ባሕር ማዶ ፀጉር ቤት ነበረው። «እጅህን ይዘህ ና፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» ብሎ ሲጠራው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደስ አለው። እሱም ሚስቱን ቤት ትቶ ሄደ።

ፀጉር ቤቱ ነጭ በነጭ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ቋንቋውን ለመግባባት ያህል እንደያዘ፣ አንድ ጎልማሳ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥለት ደስ ብሎት «እናትህ ደህና ናቸው?» አለው። ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ አየው። ተቆርጦ ሲወጣ ከአማቹ ጋር ጥግ ይዞ ተነጋገረ።

አማቹ ወደ ጓዳ ወሰደው። «ወንድሜ፣ እዚህ ሰው የሚመጣው ሊቆረጥ ነው። እናቱ ምን ያደርጉልሃል?»

«ደህንነታቸውን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«አታውቃቸውም እኮ።»

«ሳልጠይቅ በምን ልወቃቸው?»

አማቹ ሳቀ። «ዝም ብለህ ቁረጥ» ብሎት ወጣ።

ዝም ብሎ ቆረጠ። በሚኖርበት ፎቅም ነገሩ ያው ነበር። አንድ እሁድ ብርቱካን በሳህን ይዞ የጎረቤቱን በር ቢያንኳኳ፣ ሴትየዋ ሰንሰለቱን ሳትፈታ በቀዳዳው አየችውና «በር ተሳስተሃል» ብላ ዘጋችው።

ከደንበኞቹ አንድ ሽማግሌ ብቻ ልቡን ይዞት ነበር። አባባ አይናገሩም፤ ግን ቆርጦ ሲጨርስ ማጅራታቸውን እሽት እሽት ሲያደርግላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጊዜ «እጅህ ይሞቃል» አሉት። በዚያች ቃል ሰንብቷል።

በድንገት ቀሩ። አማቹን ቢጠይቀው «ሌላ ቤት ለምደው ይሆናል» አለው። ባርኔጣቸውን ረስተው የሄዱ ጊዜ ቤታቸው ድረስ ወስዶላቸው ስለነበር መንገዱን ያውቀዋል፤ በዕረፍት ቀኑ ሄደ። በራቸው በፕላስተር ታሽጓል። ፊት ለፊት ያለችውን ጎረቤት ከገበያ ስትገባ አግኝቶ ጠየቃት።

«ሞተዋል» አለችው። «ሳይታወቅ ሰንብቶ፣ ሽታው ነው ሰው ያስጠራን።»

«ስማቸው ማን ነበር?»

ሴትየዋ አሰበች። «እኔ እንጃ።»

ደረጃውን ሲወርድ እሱም እንደማያውቀው ገባው። ያን ሁሉ ጊዜ ጭንቅላታቸውን በእጁ ይዞ፣ ስማቸውን አልጠየቀም። አትጠይቅ ተብሎ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይከለክለው ዝም አለ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። በመጨረሻ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አማቹ «ሰው የሚመኘውን ጥለህ?» ቢለው፣ «ሰው ያለበት ልሂድ» ብቻ አለው።

አገሩ በገባ ማግስት ጎረቤታቸው ሳታንኳኳ ገባች። የድስቱን ክዳን ከፍታ አየች፤ «ምነው እንዲህ ከሳህ፣ አያበሉም እንዴ?» አለችው፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ሽንኩርት ለምና ወጣች። ዕንባው መጣ። ስንት ዓመት እንደ ዋዛ ያያት ሴት! መንገድ ላይ በስሙ ሲጠሩት፣ ጫማ ጠጋኙ ከማዶ ሆኖ ሲሰድበው፣ ልቡ በደስታ ይርድ ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ እንዴት እንደሄደ ለራሱም ግራ ገባው።

ሱቁን ሲከፍት ሰፈሩ ሞላለት። «እስቲ አውራን፣ ምን አየህ?»

«ደህና ነው» አለ። ሌላ ነገር ፈለገ፤ አልመጣለትም። የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ድካም ነው አሉ። ቀጥሎ ሐዘን ደርሶበት ይሆናል አሉ። በኋላ ግን «ኮርቶብናል» ማለት ጀመሩና፣ አንድ ባንድ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አዲስ ወደተከፈተው ፀጉር ቤት ዞሩ።

«ምን አድርገውህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ማንም ምንም አላደረገኝም» አላት። እውነቱን ነበር።

እሷም ጨዋታ ስትፈልግ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት መዋል ለመደች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሳቃቸው ይሰማዋል። አንድ ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ብቻውን ሲያዳምጥ፣ አላስችል አለውና ተነሥቶ ሄደ።

ሲገባ ጸጥ አሉ። ያቺ ድስቱን ከፍታ ታይ የነበረች ሴት ብድግ አለች፤ ደህናውን ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገች።

«ይቀመጡ» አለችው።

አንቱ ብላው አታውቅም። ሚስቱ ወለሉን አየች። ሻይ ቀረበለት፤ ሴትየዋ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም «ደህና ነው» አላት። ብርጭቆውን እንደጨረሰ አመስግኖ ተነሣ። «ትንሽ አይጫወቱም?» አለችው፤ ለወጉ ያህል እንደሆነ ገብቶታል።

ቤቱ ገብቶ መብራት ሳያበራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ ጨዋታው ቀጠለ፤ የሚስቱ ሳቅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር።